መብራት ሲመጣ ማን ቀድሞ ይነሳ? የአንድ አነስተኛ ቢሮ ሰርቨሮች ወደ ቨርቹዋል ሲዛወሩ

ጉዳዩ የአንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው። ስሙ ይቅር። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ 28 ሠራተኞች አሉት፤ ቃሊቲ ደግሞ መጋዘን አለው። ቢሮው ለዓመታት ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ገርጂ አንድ ሕንጻ ላይ ፎቅ ተከራየ። አሮጌዎቹ ማሽኖች በፒካፕ ተጭነው መጡና መስኮት በሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል ተደረደሩ። በሩ ሲዘጋ ክፍሏ እንደ ዳቦ ቤት ትሞቃለች።

የመጣልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «አራቱን ማሽን አንድ አድርግልን፤ ቨርቹዋል ምናምን የሚሉትን።» ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ሁሉም ሰው ስለ ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) እና ስለ ራም ያወራል። እዚህ ቢሮ ግን ብዙ ያከራከረን ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የቱ ቀድሞ ይነሳል? ሳይነሳ ቢቀርስ ማን ያነሳዋል? የገዛነውን ዕቃም፣ የመረጥነውን ሶፍትዌርም በመጨረሻ የወሰነው ይኸው ጥያቄ ነው።

የነበረው

አንደኛው ማሽን ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 የጫነ ታወር ነው። ዶሜይኑን (ሠራተኛው በስምና በይለፍ ቃል ወደ ኮምፒውተሮቹ የሚገባበትን ሥርዓት) እና የጋራ ፎልደሮቹን ይዟል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ስሪት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛው ተራ ዴስክቶፕ ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ የፒችትሪ ዳታ እሱ ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛው የስቶክ ፕሮግራም የሚሠራበት ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል፤ የመጫኛ ፋይሉም አብሮት የሄደ ይመስላል። አራተኛው የ8 ካሜራ ቀረጻ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር ነው። ከሥራቸው አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ነበር። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የቀረው መጮህ ብቻ ነው።

ምንም ከመለካቴ በፊት የታወሩን የክስተት መዝገብ ከፈትኩ። ዊንዶውስ በወጉ ሳይዘጋ ኃይል ከተቋረጠበት፣ ሲነሳ 6008 የሚል ቁጥር ያለው መልእክት ይጽፋል። ሠራተኞቹ «እዚህ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል» ስላሉኝ ብዙ 6008 ጠብቄ ነበር። ብዙም ነበረ። የገረመኝ ሰዓቱ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ሁልጊዜ ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ። እሑድ የለም። የመብራት መጥፋት እንዲህ ሰዓት አክብሮ አያውቅም።

የአይቲው ልጅ ወደ ጥበቃው ወረደ።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ቆጣሪውን የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«አዎ። ካዛንቺስ እያለን ምድጃ ተረስቶ ቤቱ ሊቃጠል ነበር። ‹ሠራተኛ ሲወጣ ሁሉንም አጥፋ› ተባልኩ። የሻረው የለም እኮ፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው፤ የሻረው የለም። ይህ ማለት ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዲሠራ የተቀጠረው ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) እዚህ ቢሮ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን አልሠራም ማለት ነው። ባክአፑ የሚጽፍበት ውጫዊ ዲስክ ግን ተሰክቶ፣ መብራቱ እየበራ፣ ሰው እያጽናና ይቀመጣል።

የጥበቃውን ልማድ ልናስቆም አልፈለግንም። የእሳቱ ስጋት ትክክል ነው፤ ቢሮው ውስጥ የቡና ምድጃ አለ፣ በክረምት ደግሞ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይመጣል። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ዕቃ ብሬከር ሆነ። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ለሰርቨር ክፍሏ ብቻ የተለየ መስመር ተሳበ። ብሬከሩ ላይ በቀይ ቀለም «አይጠፋም» ተብሎ ተጻፈ፤ ሌላውን እሳቸው እንደወትሮው ያጠፋሉ። የጭስ ማስጠንቀቂያም ጣሪያው ላይ ተሰቀለ። ሙቀቱን አየር ማስወጫ ፋን ወደ ኮሪደሩ ይገፋዋል። ለአንድ ሰርቨር ኤሲ መግጠም ትርፍ ወጪ ነበር።

ምኑ ይግባ፣ ምኑ ይቅር?

ካሜራውን ከመጀመሪያው ከዕቅዱ አወጣሁት። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከላከ በቀን 43 ጊጋባይት ይሞላል። 8 ካሜራ ሲሆን 345 ጊጋባይት ገደማ። ይህ ሁሉ ቀንም ሌሊትም ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ ከሳምንታት በኋላ ይደመሰሳል፣ እንደገና ይጻፋል። ውድ ኤስኤስዲ ላይ ሒሳብና የካሜራ ቀረጻን ማዳበል ዲስኩንም ገንዘቡንም መብላት ነው። ለካሜራው ራሱን የቻለ የቀረጻ ሳጥን ተገዛለት፣ ተገላገልን።

የቀሩትን ማሽኖች በዊንዶውስ የራሱ መለኪያ የወር መዝጊያን ጨምሮ ተከታተልናቸው። ፕሮሰሰሩ ከ20 በመቶ በላይ የሚወጣበት ጊዜ ብርቅ ነው። የሚጨናነቀው ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወዲህ ወዲያ እየዘለለ ሲያነብ በሰከንድ ወደ 100 ጥያቄ ገደማ ነው የሚያስተናግደው። ፒችትሪ ደግሞ ብዙ ጥቃቅን ንባብ የሚወድ ፕሮግራም ነው። ከዚያ በላይ የኔትወርኩ ስዊች 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ አሮጌ ነበር። የሒሳብ ክፍሉ «ፒችትሪ ይንቀረፈፋል» የሚለው ስሞታ ገሚሱ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ጊጋቢት ስዊች ስንቀይር፣ ገና አዲሱ ሰርቨር ሳይገባ፣ ስሞታው ቀነሰ።

የስቶክ ፕሮግራሙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ በተባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ ነው የሚሠራው። ኤክስፕረስ ነጻ ነው፤ ግን ገደብ አለው። እስከ 2022 ስሪቱ ድረስ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት አያልፍም፣ ለዳታ ማቆያ የሚጠቀመው ራም 1.4 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ከ4 ኮር በላይም አይነካም። ባለቤቱ «ለስቶኩ ብዙ ራም ስጡት» ሲሉ ነበር። 32 ጊጋባይት ብንሰጠው ያው 1.4ቱን ይዞ ይቀመጣል።

ክላውድስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር)? ሐሳቡ ተነስቷል። ፒችትሪ ዳታውን እንደ ተራ ፋይል በኔትወርክ ስለሚከፍት ሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር አይግባባም። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ሒሳብም ለዚህ ቢሮ ራስ ምታት ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር መጋዘኑ «ሲስተም የለም» ሊል ነው። ለኢሜይል ክላውድ ይሁን ተባለ፤ ለቀረው እዚሁ።

ለምን ሃይፐር-ቪ?

አንዱን ማሽን ለቨርቹዋል ማሽኖች የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ሦስት አማራጭ ነበረው። አንደኛውን፣ ቪኤምዌርን፣ ብሮድኮም የተባለ ኩባንያ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ከገዛው በኋላ የአንድ ጊዜ ግዢ ላይሰንሱ ቀረ፣ በየካቲት 2024 ነጻው ስሪቱ ኢኤስኤክስአይም ከገበያ ወጣ። ነጻው በሚያዝያ 2025 ተመልሷል፤ እኛ ስንወስን ግን አልነበረም። ነገ ምን እንደሚደረግ የማይታወቅ ነገር ላይ ትንሽ ቢሮ አይገነባም።

ሁለተኛው ፕሮክስሞክስ ነው። ለራሴ ብሆን እሱን እመርጥ ነበር። ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የቆመ ነው፣ ያለ ክፍያ ይሠራል፣ የራሱ የባክአፕ ሰርቨር አለው። የመረጥነው ግን ሦስተኛውን፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ሃይፐር-ቪን ነው። ምክንያቱ የአይቲው ልጅ ነው። ልጁ ዊንዶውስን አሳምሮ ያውቃል፤ ሊኑክስ ትእዛዝ መስጫ ፊት ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ማታ አንድ ነገር ቢወድቅ ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው። ያኔ የሚጠቅመው እሱ የለመደው መሣሪያ ነው፤ የእኔ ምርጫ ያን ሰዓት እሱን አይረዳውም።

ላይሰንሱ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ትንሽ ልቆይበት። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ የሚቆጠረው በማሽኑ ውስጥ ባሉት ኮሮች ነው፤ ለአንድ ሰርቨር ትንሹ 16 ኮር ነው። ኮሮቹ በሙሉ ላይሰንስ ካላቸው ሁለት ዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬድ ይፈቀዳል። ሆስቱ (ቨርቹዋሎቹን የተሸከመው ዋናው ማሽን) ላይ ያለው ዊንዶውስ ማሽኖቹን ከማስተዳደር ሌላ ሥራ ካልተሰጠው ከሁለቱ አይቆጠርም። ሦስተኛ ዊንዶውስ ከፈለጉ 16ቱን ኮር በሙሉ ዳግመኛ መክፈል ነው። በዚህ ላይ የተጠቃሚ ላይሰንስ አለ። በክራክ የሚሠራ ሰርቨር በየቢሮው እንዳለ አውቃለሁ። ክራኩን የሠራው ሰው ሌላ ምን አብሮ እንደጫነ ግን ማንም አያውቅም፤ ደመወዝና የደንበኛ ዕዳ ያለበት ማሽን ላይ እኔ አላስገባውም።

በዚህ ምክንያት የዊንዶውስ ማሽኖቹ ሁለት ብቻ ሆኑ። አንዱ ዶሜይኑን የሚመራው ዶሜይን ኮንትሮለር፣ 4 ጊጋባይት ራም። ሌላው ፒችትሪን፣ ስቶኩንና የጋራ ፎልደሮቹን አንድ ላይ የያዘ፣ 24 ጊጋባይት። ሦስተኛው ለጣት አሻራ ማሽኑ ሰዓት መቆጣጠሪያ የሚሆን ትንሽ ሊኑክስ ነው፤ 4 ጊጋባይት በቂው ነው። ሆስቱ ለራሱ 8 ይይዛል። ከ64 ጊጋባይት 24ቱ ሆን ተብሎ ባዶ ቀረ።

ዕቃው ያገለገለ ዴል አር730 ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የአዲስ ሰርቨር ፕሮፎርማ ቀለሙ ሳይደርቅ ዋጋው ይቀየር ነበር። ሻጩ መጀመሪያ ያመጣው ባለ 14 ኮር ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ነው። «28 ኮር፣ ቅናሽ አደርጋለሁ» አለ። 28 ኮር ማለት የ12 ኮር ላይሰንስ ጭማሪ ነው፤ ለማይነካ ጉልበት። አንዱን ፕሮሰሰር እናውጣው እንዳንል የራም መሰኪያዎቹ ግማሽ አብሮት ይሞታል። ባለ 8 ኮር ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ጠየቅን፤ ልክ 16። እሱም ረከሰ።

ያገለገለ ሰርቨር ሲገዛ ሁለት ባትሪ ማየት ነው። አንዱ ዲስኮቹን አቀናጅቶ የሚያሠራው የሬይድ ካርድ ባትሪ ነው። ከሞተ ካርዱ ጊዜያዊ ማቆያውን ለመጻፍ መጠቀሙን ያቆማል፣ ዲስኩም ይዘገያል። የእኛው ሞቶ ስለነበር ከክፍያ በፊት አስቀየርነው። ሌላው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሰዓት ባትሪ ነው፤ ሰዓት ቤት የሚሸጠው ክቡ። ስለ እሱ እመለሳለሁ። ዲስኮቹ አራት 960 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ናቸው፤ ዳታው በሁለት ዲስክ በሚደገምበት ሬይድ 10 ወደ 1.9 ቴራባይት ይሰጣሉ። የቢሮው ዳታ 600 ጊጋባይት ገደማ ነው። ኤስኤስዲዎቹ ኃይል ድንገት ሲቋረጥ በእጃቸው ያለውን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር ያላቸው የሰርቨር ዓይነት ናቸው። የላፕቶፑ ዓይነት ርካሽ ነው፤ ግን ይህ መከላከያ የለውም፣ አገሩ ደግሞ ይታወቃል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ሕንጻው ጄኔሬተር አለው፤ ማታ ግን ናፍጣ ለመቆጠብ ይቆማል። ከሥራ ሰዓት ውጪ መብራት ከሄደ ያለው ዩፒኤስ ብቻ ነው። ሰርቨሩ፣ ስዊቹ፣ ራውተሩና የባክአፕ ማሽኑ አንድ ላይ 300 ዋት አካባቢ ይበላሉ። 1500 ቪኤ ዩፒኤስ ይችላቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ይሸከም አላልነውም፤ በሰላም መዝጊያ ጊዜ ይስጠን ነው ያልነው። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ሆስቱ ላይ ተሰክቷል። መብራት ሄዶ 5 ደቂቃ ካለፈ መዝጋት ይጀመራል። መጀመሪያ የሒሳብ ማሽኑ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ መጨረሻ፣ ከዚያ ሆስቱ። ሃይፐር-ቪ ሳይነካ ከተተወ ሆስቱ ሲዘጋ ማሽኖቹን ባሉበት ያስቀምጣቸዋል እንጂ አይዘጋቸውም። በየማሽኑ ገብተን «ዝጋ» ወደሚለው ቀየርነው።

ብዙ ቢሮ የሚሰናከለው ግን መነሳቱ ላይ ነው። ሰርቨሩ ባዮስ (የማሽኑ የመነሻ ማስተካከያ) ላይ «ኃይል ሲመጣ ተነሳ» ተብሎ ተስተካክሏል እንበል። መብራቱ የተመለሰው ሰርቨሩ እየተዘጋ ሳለ ቢሆንስ? ሰርቨሩ ይዘጋል፤ ዩፒኤሱ ግን አልጠፋም። ከሰርቨሩ አንጻር ኃይል ሄዶ አልመጣም። ስለዚህ ጠዋት ሠራተኛ ገብቶ እስኪነካው ተኝቶ ይቆያል። መፍትሔው ሆስቱ መዝጋት ሲጀምር ለዩፒኤሱ «ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መብራት ቢኖርም አንድ ጊዜ ቁረጥና መልስ» ብሎ ማዘዝ ነው። ይህን የማይችል ዩፒኤስ አለ። ሱቅ ውስጥ የጠየቅነው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሁለት ሻጭ ጥያቄው አልገባቸውም።

ሲነሱ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ወዲያው ይነሳል። የሒሳብ ማሽኑ 3 ደቂቃ ይጠብቃል። ሆስቱን ራሱን ዶሜይኑ ውስጥ አላስገባነውም። ዶሜይኑ ያለው እሱ የተሸከመው ማሽን ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ማሽን በማይነሳበት ቀን ወደ ሆስቱ መግቢያው በራሱ የይለፍ ቃል እንዲሆን ነው። የይለፍ ቃሉ ታሽጎ ባለቤቱ ካዝና ውስጥ አለ።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በዶሜይን ውስጥ የአንድ ኮምፒውተር ሰዓት ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ መግባት ይከለከላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተ ሰርቨር ኃይል አጥቶ ሲነሳ ዓመቱን ሳይቀር ይረሳል። ኢንተርኔት ካለ ያስተካክለዋል። መብራትና ኢንተርኔት አብረው በሄዱበት ጠዋት ግን ዶሜይን ኮንትሮለሩ የተሳሳተውን ሰዓት ከሆስቱ ወስዶ ቢሮውን ሁሉ በር ላይ ያቆማል። ስለዚህ ክቡ ባትሪ ተቀየረ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩም ሰዓቱን ከሆስቱ እንዳይወስድ ተደረገ።

ባክአፕ

ቪም የሚባለው የባክአፕ ፕሮግራም ነጻ ስሪት እስከ 10 ማሽን ይይዛል፤ ለሦስት ማሽን ሰፊ ነው። የሚጽፈው አንድ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፑ 32 ጊጋባይት ራም አለው፣ ሃይፐር-ቪም ተከፍቶበታል። ዋናው ሰርቨር ከተቃጠለ ማሽኖቹ እሱ ላይ ይነሳሉ፤ እያዘገሙም ቢሆን። ላይሰንስ ከማሽን ወደ ማሽን ለማዛወር 90 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ሃርድዌሩ እስከወዲያኛው ከተበላሸ ግን ወዲያው ይፈቀዳል። ዴስክቶፑ ዶሜይኑ ውስጥ የለም፣ የይለፍ ቃሉም ለብቻው ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የዶሜይኑን ቁልፍ ካገኘ ባክአፑንም እንዳይዘው ነው። በተጨማሪ ሁለት ውጫዊ ዲስኮች ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ቃሊቲ ነው።

ባክአፑ ማታ 2 ሰዓት ይጀምራል። ሰነዱ ላይ እያንዳንዱ ሰዓት በሁለት መልክ ተጽፏል፤ «20:00፣ ማታ 2 ሰዓት» እየተባለ። ኮምፒውተሩ «2:00» ሲል ሌሊት 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የሒሳብ ኃላፊዋ ደግሞ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ብለው ነው የሚያነቡት።

ዝውውሩ የተያዘው ለ2017 ፋሲካ ነው። ኃላፊዋ «ከሰኔ ጀምሮ ማንም እንዳይነካብኝ» ብለዋል፤ ሰኔ 30 ዓመቱ ይዘጋል። ስቅለት ዓርብ ጀምረን ለእሑዱ በዓል መልቀቅ ነበረብን። በቅድሚያ የተሠራው ዶሜይኑ ነው። አሮጌውን ዶሜይን ኮንትሮለር ዲስኩን ገልብጦ ማምጣት አማራጭ አልነበረም፤ አዲስ አቁሞ ሥራውን ማስተላለፍ ነው ትክክሉ። እዚያ ላይ እንቅፋት ገጠመን። ዶሜይኑ ሲፈጠር በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ደረጃ ስለነበር የጋራ ፖሊሲ ፎልደሩን የሚያባዛው ኤፍአርኤስ በተባለው አሮጌ ዘዴ ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ወዲህ ያሉት ይህን አይቀበሉም። መጀመሪያ የዶሜይኑን ደረጃ ከፍ አድርገን፣ ዲኤፍኤስአር ወደተባለው አዲሱ ዘዴ በደረጃ አሻግረን፣ ከዚያ ነው ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 የገባው። ይህ ከበዓሉ ሳምንታት ቀድሞ አለቀ።

የስቶክ ፕሮግራሙ የአሮጌውን ኮምፒውተር ስም በውስጡ ቸክሏል፤ መቀየሪያም የለው። ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ኤክስፕረስ አዛውረን፣ አሮጌውን ማሽን አጥፍተን፣ ስሙን በዲኤንኤስ (የኮምፒውተር ስምን ከአድራሻው ጋር በሚያገናኘው መዝገብ) ወደ አዲሱ አዞርነው። ፕሮግራሙ እስከዛሬ አሮጌው ጋ ያለ ይመስለዋል። ፒችትሪ ቀለለ፤ ዋናው ነገር የኔትወርክ ድራይቩ ፊደል ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያው መሆኑ ነው።

ከበዓሉ በኋላ የሪስቶር (ከባክአፕ መልሶ የማንሳት) ሙከራ አደረግን። የሒሳብ ማሽኑ ከባክአፕ ወጥቶ ዴስክቶፑ ላይ፣ ኔትወርኩ ተነቅሎ ተነሳ። ፈተናውን የሰጡት የሒሳብ ኃላፊዋ ናቸው። ከቅጂው ላይ ትሪያል ባላንስ (የሒሳቦቹን ሚዛን የሚያሳይ ዝርዝር) አወጡ፣ ባለፈው ምሽት ካተሙት ጋር መስመር በመስመር አመሳከሩ፣ ፈረሙበት። አሁን በየሩብ ዓመቱ ይደገማል። ያለ እሳቸው ፊርማ ባክአፕ አለ አይባልም።

ያልተዘጉ ነገሮች አሉ። ዶሜይን ኮንትሮለሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ላይሰንስ ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ለጊዜው በባክአፕ እንቆይ ብለዋል። ሌሊት መብራት ሄዶ ባክአፕ ካመለጠ ልጁ በምሳ ሰዓት በእጁ ያስነሳዋል፤ ልጁ ዕረፍት ሲወጣ የሚተካው ሰው ገና አልተሰየመም። የዩፒኤሱ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ የመቀየሪያው ቀን ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ደግሞ የደህንነት ማስተካከያ የሚያገኘው እስከ ጥቅምት 2031 እ.ኤ.አ. ነው። አር730ው እስከዚያ ይቆያል ብዬ አልገምትም፤ የሚቀጥለው ሰርቨር በጀት ከአሁኑ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይያዝ ብለን በሰነዱ የመጨረሻ ገጽ ላይ አስፍረናል።